ለእግር አንቱ አይባልም

ሰኞ

ሳቁብኝ። ክፍሉ በሙሉ። ናትናኤልማ ጠረጴዛውን እየደበደበ ነው የሳቀው።

ከመጀመሪያው ልጻፈው፣ አለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም። መምህራችን ሲስተር ሰላማዊት ዛሬ ጠዋት ክፍል የገቡት ሥዕል ይዘው ነው። የልብ ወይም የኩላሊት ሥዕል አይደለም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በቀለም የተሳለ፣ ሳሎናቸው ውስጥ የነበረ። በአንሶላ ጠቅልለው ከሰፈራቸው ከሴቻ በባጃጅ ነው ያመጡት። ሰሌዳው ላይ አስደግፈው "ዝም ብላችሁ እዩት" አሉን። አየነው። ቆየን። አንድን ነገር ያን ያህል ማየት ያሳፍራል፤ መጨረሻ ላይ እርስ በርስ መተያየት ጀመርን።

ከዚያ ደንቡን ነገሩን። የታያችሁን ብቻ ተናገሩ፣ ትርጉሙ ይቆይ። ሰው አንድ ነገር በተናገረ ቁጥር እሳቸው "ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው?" ብለው ይጠይቃሉ። ናትናኤል ለነርስ ሥዕል ምን ያደርግለታል አለ። "በሽተኛ አልጋ አጠገብ ስትቆም ይገባሃል" አሉት።

ሥዕሉ ይሄ ነው። የዶርዜ ቤት በር። ደፉ ላይ አንድ ሰው ጋቢ ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ ጨለማው አዙሮ። ከጋቢው ሥር አንድ ባዶ እግር ወጥቷል። ሌላ ነገር የለም።

ሁሉም እናት ናት አሉ። ልጇ ሞቶባት ነው አለች አንዷ። "ምን አይተሽ ነው?" ተባለች፤ አከናነቧን አለች። አንዱ ብቻዋን ናት አለ። አንዱ በሩ ውስጥ ብርሃን የለም አለ። ጥሩ ነበር፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ታደለች፣ አንቺስ?"

"ተቀምጧል" አልኩ።

በቃ፣ ሳቅ። ናትናኤል "ሴትዮው ተቀምጧል!" አለ። ሲስተር ዝም በሉ ብለው ተቆጧቸው፤ ለእኔ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ተቀምጣለች" አሉኝ። "ተቀምጣለች" ብዬ ደገምኩ። አንደኛ ክፍል እንዳለሁ።

አዎ፣ እሳሳታለሁ። አፌን የፈታሁት አገሬ ኦቾሎ በጋሞኛ ነው፤ አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው። መጻፍ አያቅተኝም፣ ስጽፍ ጊዜ አለኝ። ስናገር ግን፣ በተለይ ሰው ሲያየኝ፣ ወንዱና ሴቱ ይደባለቅብኛል። ለዚህ ነው ትንሽ ከበለጠኝ ሰው ጋር ሁሉ በአንቱ የማወራው። ሰው አክባሪ ናት ይሉኛል። አክባሪነት አይደለም። አንቱ ወንድ ሴት የለውም። መጡ፣ ተቀመጡ፣ በሉ ካልኩ የሚያርመኝ የለም። ዛሬም "ተቀምጠዋል" ብዬ ቢሆን ኖሮ በሰላም አልፎ ነበር።

የሚያንገበግበኝ ግን ዛሬ አለመሳሳቴ ነው። ያየሁት ወንድ ነው። እግሩን አይቼ። አውራ ጣቱ ከሁለተኛው ጣት ተለያይቷል፣ መሃሉ ክፍት ነው፣ ቆዳው እዚያ ጋ ጠጥሯል። የአባዬ እግር ነው። ሸማኔ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አስገብቶ የመርገጫውን ገመድ በእነዚያ ጣቶች መሃል ይዞ ቀኑን ሙሉ ሲረግጥ ይውላል። እኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። ምን አይተሽ ነው ቢሉኝ ይሄን ሁሉ እነግራቸው ነበር። ሌላውን ሁሉ ጠየቁ፤ እኔን አረሙኝ።

ከእንግዲህ አፌን አልከፍትም።


ማክሰኞ

ከዛሬ ጀምሮ የወንዶች ውስጥ ደዌ ክፍል ነን። ሙቀቱ አይጣል ነው። መስኮቱን ከፍተው ዝንጀሮ እንዳይገባ ይዘጉታል፣ ዘግተው ሰው እንዳይታፈን ይከፍቱታል።

የደረሱኝ በሽተኛ አባባ ኦይቻ ይባላሉ። ከዶርዜ ነው የመጡት። ትኩሳትና ስኳር፤ ስኳሩ መኖሩን ራሱ እዚህ ከመጡ ነው ያወቁት። በጋሞኛ ሳናግራቸው ፊታቸው በራ። የማን ልጅ ነሽ አሉኝ። የኦቾሎ ሸማኔ ልጅ ነኝ ስላቸው እጄን ያዙና መዳፌን ገልብጠው አዩት። "አንቺ አትፈትይም" አሉ። ሳቅን። እሳቸውም ሸማኔ ናቸው።

አንድ ነገር አየሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህ ልጻፈው።

ሐኪሙ አልጋ ለአልጋ በሚዞሩበት በራውንድ ሰዓት እግር አሳዩኝ አሏቸው። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ቀኙን አወጡ፤ ደህና ነው። ሐኪሙ ሌላኛውን አሉ። በዚያው ቅጽበት ከወዲያኛው አልጋ ተጠሩና ዘወር አሉ። አባባ ኦይቻ ቀኙን አስገቡ፣ ትንሽ ጋቢውን አተራመሱ፣ መልሰው ያንኑ ቀኙን አወጡ። ሐኪሙ መለስ ብለው አዩት፣ "ጥሩ" አሉ፣ ካርዱ ላይ ጻፉ።

ያው እግር መሆኑን ያወቅኩት በጥፍሩ ነው። የአውራ ጣቱ ጥፍር ለሁለት ተሰንጥቋል። ሁለቴ የታየው ያው የተሰነጠቀ ጥፍር ነው።

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ሽማግሌ ሆነው እንደ ተማሪ ሲያጭበረብሩ! ሳቄ አለፈና ከፋኝ። ሰው ደህና እግሩን አይደብቅም። መናገር ነበረብኝ። ናትናኤል አጠገቤ ቆሞ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን አፌ ውስጥ አዘጋጀሁት፣ ገለበጥኩት፣ ራውንዱ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።


ረቡዕ

ሸተተኝ። አልጋቸውን ላነጥፍ ስጠጋ ከጋቢው ሥር። ሽታውን አውቀዋለሁ፣ የበሰበሰ ቁስል ነው፤ ባለፈው ዓመት ቀዶ ሕክምና ክፍል ነበርን።

"አባባ፣ ግራ እግርዎን አየዋለሁ" አልኳቸው በጋሞኛ። ግራ ቀኝ ተመለከቱ። ልጃቸው፣ አስታማሚያቸው ነው፣ ውሃ ሊቀዳ ወጥቷል። ራሳቸው ገለጡት።

በአውራ ጣቱና በሁለተኛው ጣት መሃል ነው። ገመዱ የሚያዝበት ቦታ። መጀመሪያ ገመዱ ልጦት ይሆናል፣ ስኳሩ ደግሞ ሕመሙን ደብቆባቸዋል። አሁን ጣቱ ጠቁሯል። ጥቁረቱ ወደ ላይ ጀምሯል።

"አትንገሪያቸው" አሉኝ። "ካዩት ይቆርጡታል።" ይኸው ልጃቸው ሊያገባ ነው፤ የሠርጉን ጋቢ የሽመና ዕቃው ላይ ድሩን እንደወጠሩ ትተውት ነው የመጡት። ትኩሳቱ ሲለቃቸው ይሄዳሉ፣ ይጨርሳሉ፣ ከዚያ በኋላ የፈለገው ይሁን። "የሸማኔ ልጅ ነሽ፣ ይገባሻል።"

"እሺ" አልኩ።

ለምን እሺ አልኩ? እንባቸው መጥቶ ስለነበር ነው። ደግሞም ማታ ይሻላል፣ ለተረኛዋ ነርስ ብቻዋን ስትሆን እነግራታለሁ ብዬ ነው። ስወጣ ተረኛዋን አየኋት። አጠገቧ ሦስት ተማሪዎች ቆመው ይሳሳቃሉ። ደረጃው ጋ ቆሜ ተለማመድኩ። የአባባ ኦይቻ እግር። እግራቸው። ጠቆረ? ጠቆረች? አባባ ኦይቻን አንቱ እላቸዋለሁ፣ ያ ቀላል ነው። ለእግር ግን አንቱ አይባልም። እግራቸው ጠቁረዋል ብል ደግሞ የባሰ ይሳቅብኛል።

ሄድኩ። ወደ ማደሪያ ሄድኩ። ራት ላይ ሽሮ ነበር፣ በላሁ። የእሳቸውን ልመና ለፍርሃቴ ሰበብ እያደረግኩት እንደሆነ እያወቅኩ በላሁ።


ሐሙስ

ተናገርኩ።

ጠዋት ሲስተር ሰላማዊት ራሳቸው ይዘውን ገቡ። በየአልጋው ቆመው የሰኞውን ይጠይቃሉ፦ "ምን ይታያችኋል?" አባባ ኦይቻ ጋ ስንደርስ ናትናኤል ጀመረ፤ ላብ አለ፣ ከንፈራቸው ደርቋል፣ ትንፋሻቸው ፈጥኗል። እውነቱን ነው፣ ዛሬ ከትናንት ብሶባቸዋል። እሳቸው እኔን ብቻ ያያሉ። ዓይናቸው እሺ ብለሽኛል ይላል።

"እግራቸው ጠቁራለች" አልኩ።

ከኋላ አንዱ "ማናት የጠቆረችው?" አለ። አንድ ሁለቱ ሳቁ። ናትናኤል አልሳቀም፤ ይሄን ልጻፍለት። ደገምኩት፣ ያንኑ ስህተት፣ ጮክ ብዬ፦ "ግራ እግራቸው ጠቁራለች! በጣቶቹ መሃል!"

ሲስተር አላረሙኝም። ወደ እኔ ዞረው "ምን አይተሽ ነው?" አሉኝ። ሰኞ የጠበቅኩት ጥያቄ ነበር። ያን ጊዜ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። ስለ ጥፍሩ፣ ስለ ሽታው ነገርኳቸው። ጓንት አድርገው ጋቢውን ገለጡ።

ጥቁረቱ ትናንት የነበረበት አልነበረም። ቁርጭምጭሚቱን አልፏል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ሰው ሮጠ። ሐኪም፣ ደም፣ ግሉኮስ፣ ስልክ። አባባ ኦይቻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ሳቡት፤ የታመመው እግር ከሥር ወጥቶ ቀረ። ሥዕሉን ነው ያየሁት። ከክፍሉ ወጥቼ አለቀስኩ።


ዓርብ

ቆረጡት። ከጉልበት በታች።

ፈርም ሲሉት ልጃቸው እምቢ ብሎ ቆይቶ ነበር። እኔ እንዳስረዳው ላኩኝ። በጋሞኛ አስረዳሁት፣ ካልተቆረጠ መርዙ ደም ውስጥ ገብቶ ይገድላቸዋል አልኩት። "ሸማኔ እኮ ነው" አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ከዚያ ፈረመ።

ወደ ቀዶ ሕክምና ሲገፏቸው አጠገባቸው ሄድኩ። "እሺ ብለሽኝ ነበር" አሉ። በቁጣ አይደለም። በቁጣ ቢሉት ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። ማክሰኞ ቢታይ ኖሮ ጣቱ ብቻ ይቆረጥ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ደክሟቸዋል። "ምናልባት" አሉ። "ምናልባትም ያው ይሆን ነበር። እኔም እኮ ማክሰኞ አይቼዋለሁ፣ አይቻለሁ ብዬ ጽፌያለሁ።" ትከሻዬን ነክተው ሄዱ።

ምናልባት። ይሄን ቃል ምን ላድርገው?

ናትናኤል ማታ የሙዝ እጅ ይዞ መጣ፣ ከኩልፎ ወንዝ ዳር፣ ከአጎቱ እርሻ። የማደሪያችን በር ላይ አስቀመጠውና ሄደ። ሙዙን መስከረምና ሌሎቹ የማደሪያ ክፍሌ ልጆች በሉት፤ እኔ አልወረደልኝም።


ቅዳሜ

አገር ቤት ነኝ። አላስቻለኝም። ከከተማው፣ ከሲቀላ መኪና ይዤ አስፋልቱ ላይ ወረድኩና ሽቅቡን በእግሬ ወጣሁ። ሲመሽ ከላይ ሆኜ አባያን አየሁት፣ ሐይቁ ያው ቡናማ ነው። ኦቾሎ ነፋሱ ደስ ይላል። እማዬ ሀለኮ ቀቅላለች፤ ከተማ ሽፈራው የሚሉትን ቅጠል። በላሁ።

አባዬ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ከጎኑ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ሁሉንም፣ እሺ ማለቴን ጭምር። መወርወሪያውን እንደያዘ መሸመኑን አቆመ።

"የትኛው እግሩ ነው?" አለ።

"ግራው።"

"አንዱ ከሄደ ሁለቱም ሄዱ ማለት ነው" አለ። መሸመን ሁለት እግር ነው፤ አንዱ ሲረግጥ አንዱ ይለቃል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አላለኝም። ነፍሱን አተረፍሽለትም አላለኝም። እንዲለኝ ፈልጌ ነበር፣ ሽቅቡን ሁሉ የወጣሁት ለዚያ ሳይሆን አይቀርም። "ድሩ እንደተወጠረ ቀረ" አለ፣ ለራሱ።

"እግርህን አሳየኝ" አልኩት።

"የትኛውን?"

"ሁለቱንም።"

ከጉድጓዱ አወጣቸው። ውሃ አመጣሁ፣ አጠብኳቸው። ልጅ ሆኜ የመርገጫው ገመድ በተበጠሰ ቁጥር እኔን ነበር የሚጠራው። እጄ ትንሽ ስለነበረች ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ገመዱን ጣቶቹ መሃል አደርግና አስርለት ነበር። ሲመሽ ደግሞ እፈታለት ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ እግሩን ይዤ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ዛሬ አየሁት። ቀኙ ደህና ነው። የግራው ጣት ሥር ስንጥቅ አለ፣ ትንሽ፣ ደረቅ።

ስኳር ተመርምረህ ታውቃለህ አልኩት። ምኔን አሞኝ አለ። ከእኔ ጋር እንውረድ ብዬ ለመንኩት። ይሄን ነጠላ ልጨርስና አለ። ጮህኩበት። በሕይወቴ አባዬ ላይ ጮሄ አላውቅም።


እሑድ

አልወረደም። በሚቀጥለው ገበያ ቀን እመጣለሁ ብሏል። እማዬ እኔ ራሴ አመጣዋለሁ አለችኝ። እሷ ካለች ትንሽ ይሻላል።

ሲቀላ ስደርስ ቀጥታ ሆስፒታል ሄድኩ። አባባ ኦይቻ ተኝተዋል። ትኩሳቱ ለቋቸዋል። ብርድ ልብሱ ከጉልበት በታች በግራ በኩል ጠፍጣፋ ነው። ልጃቸው ሰላም አለኝ። ሠርጉን አራዘምነው አለኝ። ቢነቁና ፊታቸውን ቢያዞሩብኝስ ብዬ ፈርቼ ቶሎ ወጣሁ።


ሰኞ

ጠዋት ክፍል ስንገባ ያው ሥዕል እዚያው ቦታ ተደግፏል። ሲስተር ሰላማዊት ዛሬ እንድናየው አልነገሩንም። ቆመው "ታደለች፣ ባለፈው ሰኞ የጠየቅኩሽን ልድገመው" አሉ። "ያን ቀን ያረምኩት አማርኛሽን ነው። ያየሽውን አልጠየቅኩሽም።"

ተነሳሁ። "ተቀምጧል" አልኩ። "ወንድ ነው። ሸማኔ ነው።" ምን አይተሽ ነው አሉኝ። ሥዕሉ ጋ ሄጄ ጣቱን አሳየሁ፣ ክፍተቱን፣ የጠጠረውን ቆዳ። ስለ ገመዱ ነገርኳቸው። ስናገር ስንቴ እንደተሳሳትኩ አላውቅም፤ ማንም አልሳቀም። አንዷ ሴትም እንዲህ ዓይነት እግር ሊኖራት ይችላል አለች፤ ይችላል አልኩ። ናትናኤል እጁን አወጣና "ታዲያ ለምን በሩ ላይ ተቀመጠ? ለምን አይሸምንም?" አለ። ሁላችንም ሥዕሉን አየነው። የወጣው አንድ እግር ብቻ ነው። ሌላኛው ጋቢው ውስጥ ይሁን፣ አይሁን፣ አይታወቅም። እስከ ዛሬ ማናችንም ልብ አላልነውም። ደወሉ ተደወለ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ያለፈው ሰኞ ቢሆን ነበር እኮ የሚጠቅመው።

ከሰዓት በኋላ የሕሙማኑ ክፍል ገባሁ። አባባ ኦይቻ ነቅተዋል፤ አይተውኝ ፊታቸውን አላዞሩም። በእጃቸው ጠሩኝ።

"አንቺ፣ የሸማኔው ልጅ" አሉኝ በጋሞኛ። "ገመዱ።"

"የምን ገመድ አባባ?"

"የመርገጫው። ግራ እግሬ ላይ ነው። ጣቶቼ መሃል ቀርቷል፣ ያጠብቀኛል። ሌሊቱን ሙሉ። ልጄ እግር የለህም ይለኛል። እንደሌለኝ አጣሁት እንዴ? ገመዱ ግን አለ። ፍቺልኝ።"

ይሄን ተምረነዋል። የተቆረጠ አካል እንዳለ ሆኖ ይሰማል፣ ያሳክካል፣ ያማል። ፈተና ላይ መጥቶ አግኝቼዋለሁ። አልጋው አጠገብ ቆሜ ግን ከተማርኩት አንዱም አልመጣልኝም።

ተንበረከክኩ። ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። ፋሻው ከሚያልቅበት በታች ባዶው አንሶላ ላይ እጄን አሳረፍኩ፣ እግሩ ቢኖር ጣቶቹ የሚሆኑበት ቦታ። የአባዬ ጉድጓድ ውስጥ አደርገው እንደነበረው መጀመሪያ ቋጠሮውን ላላ አደረግኩ። ከዚያ ገመዱን ከአውራ ጣቱ ሥር ወደ እኔ ሳብኩት። ቀስ ብዬ፣ ቁስሉን እንዳይነካ። አባባ ኦይቻ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

"ወጣ?" አልኳቸው።

ትንፋሻቸው ረዘም አለ። ይውጣ አይውጣ አላውቅም። እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ቀና ስል ሲስተር ሰላማዊት ከኋላዬ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ እንጃ። ባዶውን አንሶላ አዩ፣ እጄን አዩ። ምን እያደረግሽ ነው ብለው ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

"ምን ይታይሻል?" አሉኝ፣ በሹክሹክታ።

"እግራቸው አሁንም አለች" አልኩ።

አላረሙኝም።